በካያክ ሆኖ በሕይወት ባለ ማባበያ ማጥመድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በካሊፎርኒያ፣ ሳን ዲዬጎ፣ ላሆያ ዳርቻ ላይ ንጋት ሲቀድ ካያካቸውን (በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ጀልባ) እየጎተቱ ባሕር የሚገቡ አጥማጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት የሎውቴል የሚባለውን ጉልበተኛ ዓሣ ነው። ማባበያቸው ደግሞ እዚያው ባሕር ውስጥ የሚያዝ ማከረል የሚባል ትንሽ ዓሣ ነው። ሐዋሳ ወይም ዝዋይ ላይ ቆሮሶና አምባዛ በትል ማጥመድ የለመደ ሰው ለሥራው እንግዳ አይሆንም፤ ከሐይቅ ይዞት የሚመጣው ልማድ ግን ባሕር ላይ ያሳስተዋል። ትል ቢደክምም ይበላል። ማከረል ግን ዋጋው ጉልበቱ ነው፤ የደከመውን የሎውቴል አይቶ ያልፈዋል።

“ማባበያውን ለማቆየት አንድ ባልዲ ውኃ ይበቃል”

አይበቃም። ማከረል አፉን ከፍቶ እየዋኘ ውኃውን በስንጥቡ በማሳለፍ ነው የሚተነፍሰው። በቆመ ባልዲ ውኃ ውስጥ ከደቂቃዎች በኋላ ጎኑን ይሰጣል። የሚያስፈልገው ወደ 20 ሊትር የሚይዝ ክብ ገንዳና ከባሕሩ አዲስ ውኃ ሳያቋርጥ እያስገባ አሮጌውን በላይ የሚያስፈስስ ፓምፕ ነው። ገንዳው ክብ የሚሆነው ዓሣው ማዕዘን ላይ አፍንጫውን እየገጨ እንዳይቆስል ነው። በዚህ መጠን ገንዳ ውስጥ ከ4 እስከ 6 ማከረል ይበቃል፤ 10 የጨመረ ሰው ሁሉንም ያጣል።

ባትሪውን ከመውጣትዎ በፊት ያስሉ። 1.5 አምፔር የሚስብ ፓምፕ ባለ 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪን በ4 ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሰዋል፤ ያረጀ ባትሪ ከዚያም ቀድሞ ይሞታል። የሞላ ገንዳ ደግሞ ውኃው ብቻ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ያውም ከመቀመጫው ኋላ። ስለዚህ የሚሞላው የዳርቻው ማዕበል ከታለፈ በኋላ ነው፤ ሲመለሱም ማዕበሉ ጋ ሳይደርሱ ይደፋል።

የቧንቧ ውኃ እንዳይጨምሩበት፤ ክሎሪኑ ስንጥቡን ያቃጥላል። የበረዶ ቁራጭም አይጣልበት። ውኃው ከሞቀ፣ ክዳኑ በደንብ የተዘጋ የቀዘቀዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ ማስገባት ይሻላል።

“ማከረሉን በእጅ ጨብጦ ከመንጠቆ ማላቀቅ ችግር የለውም”

ማከረል የሚያዘው ሳቢኪ በሚባለው፣ ስድስት ያህል ትንንሽ መንጠቆ ባለው ክር ነው። ከታች ከ60 እስከ 110 ግራም እርሳስ ይታሰርበታል። በደረቅ እጅ ወይም በፎጣ ከጨበጡት ገላውን የሚሸፍነው ልጋግ ይላጣል፤ ገንዳ ውስጥ ሲገባ ደህና ይመስላል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ይሞታል። መንጠቆውን በማላቀቂያ ሽቦ ይዘው ገንዳው ላይ ይገልብጡት፣ ራሱ ይወድቃል። የግድ መያዝ ካለብዎ እጅዎን መጀመሪያ ባሕሩ ውስጥ ይንከሩ።

“መንጠቆው የትም ቢሰካ ያው ነው”

እየቀዘፉ ከኋላ የሚጎትቱት ከሆነ በአፍንጫው ቀዳዳዎች መካከል ይሰኩት። ጀርባው ላይ ከተሰካ ሲጎተት ይሽከረከራል፣ ክሩን ያጠመዝዛል፣ ቶሎም ይሰምጣል። ካያኩ ቆሞ በወራጁ ብቻ በሚንሳፈፍበት ጊዜ ግን ከጀርባው ክንፍ አጠገብ መሰካቱ ይጠቅማል፤ ዓሣው ለማምለጥ ወደ ታች ይዋኛል። ፍጥነቱ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሁን። ማባበያው ውኃው ላይ እየተንሸራተተ ከወጣ ፈጥነዋል ማለት ነው። የመንጠቆው መጠን በመንጠቆ ቁጥር ከ3/0 እስከ 5/0 ይሁን፤ ከባድ መንጠቆ ትንሽ ማከረልን ያደክማል።

“ሲነክስ ወዲያው በኃይል ሳብ”

የሐይቁ ልማድ በጣም የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የሎውቴል ማከረሉን ይይዝና በአፉ አዙሮ ከጭንቅላቱ ጀምሮ ይውጠዋል። ክሩን ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ይልቀቁለት። ከዚያ የክሩን መጠቅለያ ቆልፈው ክሩ እስኪወጠር ይጠቅልሉ። ክብ መንጠቆ (ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ) ከሆነ ዘንጉን መንጨቅ ፈጽሞ አያስፈልግም፤ ከነጨቁት ከአፉ ይወጣል።

የመጠቅለያውን ፍሬንም (ዓሣው ክሩን ሲስብ የሚገታውን) በእጅ ግምት ሳይሆን ከመውጣትዎ በፊት በሚዛን ይለኩ። 13.6 ኪሎ ለሚችል ክር ከ3.4 እስከ 4.5 ኪሎ ይበቃል። ዓሣው ኬልፕ ወደሚባለው የባሕር አረም ጫካ ከሮጠ ግን ማጥበቅ ይገባል፣ ካያኩንም ወደ ክፍት ባሕር ማዞር።

“ትልቅ ዓሣ ካያክ ይገለብጣል”

ካያክ ሲጎተት ይከተላል፤ ዓሣውን የሚያደክመውም ይኸው ነው። አደጋው ክሩ ከጎን ሲጎትት ነው። የዘንጉን ጫፍ ወደ ካያኩ አፍንጫ ያዙሩ፣ ካያኩ ራሱ ወደ ዓሣው ይዞራል። በሜንጦ ሲያወጡትም ጭንቅላትዎ ከካያኩ ጠርዝ ውጭ አይውጣ፤ ጭንቅላት ከወጣ ገላ ይከተላል። የሚገለብጠው ይበልጡን የዳርቻው ማዕበል ነውና ዘንግ ሁሉ ይታሰር፣ የሕይወት ማዳኛ ሰደርያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይውለቅ።

“ማባበያ መያዝ ማጥመድ አይደለም”

በሕግ ማጥመድ ነው። ዕድሜው 16 የሞላ ሰው ለማከረሉም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ላሆያ ላይ ካያክ የሚገባበት ዳርቻ ደግሞ ከ2012 ጀምሮ ማትላሁዋይል በሚባለው የተከለለ የባሕር ክልል ውስጥ ነው። መቅዘፍ ይፈቀዳል፤ ሳቢኪ መጣል ግን አይፈቀድም፣ ለማባበያም ቢሆን። ዘንጉ ተሰብስቦ ክልሉ ታልፎ ነው ሥራው የሚጀመረው። ሲጨርሱ የተረፈውን ማከረል እዚያው በተያዘበት ባሕር ይልቀቁት፤ ከሌላ ቦታ የመጣ ማባበያ ግን በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል በሕይወት ባሕር ውስጥ አይደፋም።