ኖር ምንድን ነው? ወጣት ምእመን ለታላላቆቹ የሚሰጠው ክብር

ኖር ማለት ታላቅ ሰው ሲመጣ ከመቀመጫ ተነሥቶ ቦታ መልቀቅ ነው። የሚነሣው «ኖር!» ይላል፤ የተነሡለት አባት ወይም እናት «በእግዚአብሔር! አይገባም፣ ተቀመጡ» ብለው ይመልሳሉ። ወጉ በየቤቱና በየለቅሶው ያለ ነው። በቤተ ክርስቲያን ግን ከወግም ያልፋል፤ ዘሌዋውያን 19፥32 በሽበታም ሰው ፊት መነሣትንና እግዚአብሔርን መፍራትን ጎን ለጎን አድርጎ ያዝዛልና። ትእዛዙ ለሽበት ነው፤ ለሀብትም ለሹመትም አላለም። ስለዚህ ለሕንፃ ማሠሪያ ብዙ ለሰጠው ነጋዴ ብድግ ብሎ በር ላይ ለቆሙት ድኻ እናት ቁጭ ያለ ወጣት ኖር አላለም።

ድሬዳዋና ሐረር ላይ አንድ ነገር አብሮ መታወቅ አለበት። በእነዚህ ከተሞች ታላቅን «አንተ»፣ «አንቺ» ብሎ መጥራት የቆየ የመቀራረብ ወግ ነው። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ የድሬዳዋ ሰፈሮች የሆኑት የከዚራ ወይም የሳቢያን ልጅ ሽማግሌን በአንተ ሲጠራ ሰምቶ ይደነግጥ ይሆናል፤ በልጁ ልብ ግን ንቀት የለም። ለካህን «አባ»፣ «አባታችን» ተብሎ አንቱታው ይጠበቃል፤ ለሌሎቹ ታላላቆች ግን አክብሮቱን ከአፍ ይልቅ እጅና እግር ይናገሩታል። የድሬ ወጣት በሥራው ካላከበረ በምን ያከብራል? ስለዚህ አሠራሩን በደንብ ማወቅ ይገባዋል።

መጀመሪያ መነሣቱ። «ልነሣልዎት?» ብሎ መጠየቅ ስሕተት ነው፤ ታላቅ ሰው ሲጠየቅ «ግድ የለም ልጄ» ማለቱ አይቀርም፤ ጨዋነቱ ያስገድደዋል። አስቀድሞ መነሣት፣ ከቦታው ፈቀቅ ማለት፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ መለመን ነው። ቤተ መቅደስ ውስጥ ደግሞ ብዙ አረጋውያን የለመዱት ቦታ አላቸው፤ ግድግዳ ወይም ዓምድ ያለበት፣ ጀርባቸውን የሚያሳርፉበት። ማልዶ የመጣ ወጣት ያን ቦታ ከያዘ አረጋውያኑ ረጅሙን ቅዳሴ በመቋሚያ ብቻ ሊቆሙ ነው። ጤነኛ ጉልበት ያለው መሐል ላይ ይቁም።

ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ሲል የተቀመጡት ሁሉ ይነሣሉ። በዚህ ጊዜ አቅም ያነሳቸውን እናት በእጃቸው አንጓ ይዞ መጎተት አይገባም፤ ትከሻቸውን ሊያሳምም፣ ሚዛናቸውን ሊያስት ይችላል። ክንድን ዘርግቶ እሳቸው እንዲይዙት ማድረግ ይሻላል፤ መነሣት ካልቻሉም በዝምታ መተው ነው። በቁርባን ሰዓት ግን ተራው በሽበት አይደለም፤ ሕፃናት ከአዋቂዎች ይቀድማሉ። አዛውንትን አከብራለሁ ብሎ ሕፃን የታቀፈችን እናት ወደ ኋላ ማስቀረት ሥርዓቱን አለማወቅ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴ ቤት የወጣቱ ዋና ሥራ ማስታጠብና ማስተናገድ ነው። ማንቆርቆሪያው በቀኝ፣ ሳፋው በግራ፣ ፎጣው ክንድ ላይ ይሆናል። ከካህኑ ተጀምሮ በዕድሜ ወደሚከተሉት ይኬዳል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ለፍጥነት ሲባል በአቀማመጥ ተራ መዞሩ ነው፤ ጥግ የተቀመጡት አሮጊት መጨረሻ ይደርሳቸዋል። ውሃው ቀጠን ብሎ ይፈስሳል፤ ታጣቢው እጁን ሳይሰበስብ አይቋረጥም። «እደግ፣ ተመንደግ» ሲሉ ጎንበስ ብሎ እስከ መጨረሻው ማዳመጥና «አሜን» ማለት ነው። ምርቃትን አቋርጦ ወደ ቀጣዩ መሮጥ የሚያሳዝን ልማድ ሆኗል፤ አንዳንድ አረጋዊ በሳምንቱ ውስጥ ሰው ቆሞ የሚሰማቸው በዚያች ቅጽበት ብቻ ሊሆን ይችላል።

በግንቦትና በሰኔ የድሬ ፀሐይ ከረፋዱ ጀምሮ ይበረታል። አረጋዊን ከአጥር ውጭ ባጃጅ እስኪመጣ ማስቆም አይገባም፤ ወጣቱ ወጥቶ ጠርቶ በሩ ላይ ያድርስላቸው። ለቁልቢ ገብርኤል በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ሲሄዱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። መንገዱ ደንገጎን አልፎ ወደ ደጋ ይወጣል፣ ሌሊቱ ይበርዳል፤ የድሬን ሙቀት የለመዱ አያት በነጠላ ብቻ ከሄዱ ይታመማሉ። ጋቢ፣ መድኃኒታቸው፣ ከሕዝቡ መሐል ቢለያዩ የሚገናኙበት ቦታ፣ የመመለሻ መኪናም ከመነሣት በፊት መወሰን አለበት።

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት «ሽማግሌ» የኃላፊነት ስምም ነው፤ ያ ሹመት የሌላቸው አረጋውያን እንዳይዘነጉ ያስፈልጋል። እዚያ አዘውትሮ የሚያጣላው የድምፅ ማጉያው ነው። አዛውንቶችን ከስፒከሩ አጠገብ አለማስቀመጥ፣ የሚያውቁትን የቆየ መዝሙር በየፕሮግራሙ አንድ ሁለት ማስገባት ብዙ ቅሬታ ያስቀራል።

ማክበር ዝም ማለት ነውን? አይደለም። በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥1 ጳውሎስ ወጣቱን ጢሞቴዎስን ሽማግሌን እንዳይገሥጽ፣ እንደ አባት እንዲለምን ያዝዘዋል፤ መናገሩን አልከለከለውም። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ከሰበካ ጉባኤ አባቶች ጋር ባይስማሙ መጀመሪያ ለብቻ፣ ቁጭ ብሎ፣ በለሆሳስ መናገር ነው። ካልሰሙ ሁለቱም ወገን የሚያከብሩትን ሌላ አባት መላክ ነው። በጉባኤ መሐል ወይም በቴሌግራም ግሩፕ ላይ አባትን ማሳፈር እውነት የያዘውን ወጣት እንኳ ያስረታዋል፤ ሰው ሁሉ ጉዳዩን ትቶ ድፍረቱን ያወራልና።

የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ሲጎድል ወይም በልጅ ላይ በደል ሲደርስ «አባት ናቸው» ብሎ መሸፈን ግን ከዚህ ክብር ውስጥ የለም። ያው ምዕራፍ በቁጥር 19 እና 20 በሽማግሌ ላይ የሚቀርብ ክስ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ይሁን፣ ኃጢአት የሚሠሩትም በሁሉ ፊት ይገሠጹ ይላል። በልጅ ላይ ለደረሰ በደል ደግሞ የሽማግሌ እርቅ መፍትሔ አይደለም፤ ፖሊስ ዘንድ በዚያው ቀን መሄድ ነው።