«ሪፐብሊክ፣ ማቆየት ከቻላችሁ»፦ አባባሉ ከየት መጣ? ምን ማለት ነው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? አሜሪካ ውስጥ ምርጫ በመጣ ቁጥር ይህችን አባባል ግራውም ቀኙም ለራሱ ይጎትታታል። እስቲ ከሥሯ እንያት።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1787፣ ቦታው ፊላደልፊያ ነው። ከአሜሪካ ግዛቶች የተላኩ ልዑካን ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር በር ዘግተው ሕገ መንግሥት ሲያረቁ ከረሙ፤ ወሬ እንዳይወጣ ብለው በዚያ ሙቀት መስኮቱን ሳይቀር ዘግተውት ነበር። ውጭ ያለው ሕዝብ ምን እየተቦካ እንደሆነ አያውቅም። ሴፕቴምበር 17 ቀን 39 ፊርማ ሰፈረበት። ከፈራሚዎቹ አንዱ የ81 ዓመቱ አዛውንት ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነበሩ።

የሜሪላንዱ ልዑክ ጄምስ ማክሄንሪ በማስታወሻ ደብተራቸው አንዲት አጭር ወግ ጽፈዋል። አንዲት ሴት «ዶክተር፣ ምን አገኘን? ሪፐብሊክ ነው ወይስ ንጉሣዊ አገዛዝ?» ብለው ፍራንክሊንን ጠየቁ። እሳቸውም «ሪፐብሊክ፣ ማቆየት ከቻላችሁ» አሉ። ጠያቂዋ ኤሊዛቤት ፓወል ናቸው፤ የከተማዋ ትልልቅ ሰዎች ቤታቸው እየመጡ ፖለቲካ የሚያወጉላቸው ሴት።

አሁን ወደ ትርጉሙ። እንግሊዝኛው «ዩ» ብሎ ያልፋል፤ አንድ ሰው ይሁን ብዙ አይለይም። አማርኛ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅህም። «ከቻሉ» ካልኩ ሸክሙ የወይዘሮ ፓወል ብቻ ሆነ። ስለዚህ «ከቻላችሁ» ብያለሁ፣ ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። «መጠበቅ» የሚለውንም መጀመሪያ ሞክሬው ነበር። ግን አውቶቡስም ይጠበቃል፣ ቁጭ ተብሎ። «ማቆየት» ሥራ አለበት። እናቴ እንጀራ በጋገረች ቁጥር ለሚቀጥለው ሊጥ እርሾ ታስቀር ነበር። አንድ ቀን ከተረሳ ጎረቤት መለመን ነው። ፍራንክሊን ያሉት ይመስለኛል ይህንን ነው።

ጆርጅ ዋሽንግተንን እዩ። ሕገ መንግሥቱ ፕሬዚዳንት ስንት ጊዜ ሊመረጥ እንደሚችል አልገደበም ነበር። እሳቸው ግን ሁለት ዘመን አገልግለው በ1797 ወደ ማውንት ቨርነን እርሻቸው ተመለሱ። ማንም አላስገደዳቸውም። ከዚያ በኋላ ሞካሪ ባይጠፋም፣ ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1940 ለሦስተኛ ጊዜ እስኪመረጡ ድረስ ያንን ልማድ ያለፈ ፕሬዚዳንት አልነበረም። የሁለት ዘመኑ ገደብ ሕግ የሆነው በ1951 በሕገ መንግሥቱ 22ኛ ማሻሻያ ነው። ያን ሁሉ ዘመን አገሪቱን የያዛት ወረቀት ሳይሆን ይሉኝታ ነው። እኔን ወግ አጥባቂ ያደረገኝም ይህ ታሪክ ነው።

ወጉ ተቀጥላ አለው። ማክሄንሪ በ1803 ጋዜጣ ላይ ሲያወጡት፣ ሴትዮዋ «ለምን አናቆየውም?» ብለው እንደጠየቁና ፍራንክሊንም ሕዝብ ምግቡን አንዴ ከቀመሰ ከሚበጀው በላይ መብላት ያምረዋል ብለው እንደመለሱ ጽፈዋል። ይህን ክፍል ዛሬ የሚጠቅሰው ጥቂት ሰው ነው፣ ግን ለኔ ዋናው እሱ ነው። ኮንግረስ ተከራክሮ ሊያወጣው የሚገባውን ነገር ፕሬዚዳንቱ በአንድ ትእዛዝ ሲጨርሰው ደጋፊው ያጨበጭባል፣ ተቃዋሚው ሕገ መንግሥት ተደፈረ ብሎ ይጮኻል፣ ሥልጣን ሲቀየር ደግሞ ቦታ ይለዋወጣሉ። የኔ ወገን ሲያደርገውም ያመኛል። ከሚበጀን በላይ መብላት ማለት ይኸው ነው።

እዚህ ቨርጂኒያ የምርጫ ጣቢያ የሚከፈተው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ሠራተኞቹ ገና ሳይነጋ ይመጣሉ፤ አብዛኞቹ የሰፈር ሰዎች ናቸው። ባለፈው ጊዜ ስሜን ከመዝገቡ የፈለጉልኝ ሽበታም እናት መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ፊደል በፊደል አስደገሙኝ። ልወጣ ስል «ሰው ያንሰናል፣ አትመጣም?» አሉኝ። ተመዝግቤያለሁ። ለሚቀጥለው ምርጫ ከጎናቸው እቀመጣለሁ።