የፋይል መለያና ፈቃድ በጎጃም ቢሮዎች

ፋይል ሲስተም፣ ማለትም ሰነዶች በዲስክ ላይ የሚቀመጡበት ሥርዓት፣ ስለ አንድ ሰነድ ከስሙና ከመጠኑ ሌላ ሁለት ነገር መዝግቦ ይይዛል። አንዱ መለያ ነው፦ ስውር፣ የሲስተም፣ ለንባብ ብቻ የሚሉ ምልክቶች። ሌላው ፈቃድ ሲሆን ማን ያንብብ፣ ማን ይጻፍ፣ ማን ያስኬድ የሚለውን ይወስናል።

ጎጃም ውስጥ መለያን ያስተዋወቀው ከሁሉ በላይ የፍላሽ ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ደንበኛ የሆነ ተማሪ ያውቀዋል። ቫይረሱ ፎልደሮቹን ስውርና የሲስተም ብሎ ይመዘግብና በቦታቸው ሾርትከት ይተክላል። ባለፍላሹ ጥናቴ ጠፋ ብሎ ይደነግጣል፤ ሰነዱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። አትሪብ የሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ ምልክቶቹን ሲያነሳ ሁሉም ብቅ ይላል። በፍላሽ ላይ መለያን ማንም ይለጥፈዋል፣ ማንም ይልጠዋል።

ፈቃድ ከዚህ ይጠብቃል፤ ችግሩ አብሮ አለመጓዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር የወጣው ኤንቲኤፍኤስ የሚባል ፋይል ሲስተም ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የተለየ ፈቃድ ይመዘግባል። ብዙ ፍላሽ የሚሠራበት ሌላው ፋይል ሲስተም፣ ፋት 32፣ ግን የባለቤት መመዝገቢያ ቦታ እንኳ የለውም። በወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ለሁለት ባለሙያዎች ብቻ የተፈቀደ የይዞታ መዝገብ ወደ ፍላሽ ቢገለበጥ ፈቃዱ እዚያው ይቀራል፤ ፍላሹ የደረሰው ሁሉ ይከፍተዋል። ሲስተሙ ፈቃዱን ማድረስ ካልቻለ ከመገልበጡ በፊት መናገር ነበረበት። ዝምታው ከጉድለቱ ይብሳል።

ዩኒክስና ሊኑክስ የሚባሉት ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ፈቃዱን ለባለቤት፣ ለቡድንና ለሌላው ሰው ይከፍሉታል፤ ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ነው። ቁጥሮቹ ለእያንዳንዱ ተደምረው በዚሁ ተራ ይጻፋሉ፤ በ640 ባለቤቱ ያነባል ይጽፋል (4+2)፣ ቡድኑ ያነባል፣ ሌላው አይከፍተውም። ለቢሮ ሰነድ ጥሩ መነሻ ይኸው ነው፤ ሥራ አላስኬድ ሲል ለሁሉም ሁሉን የሚፈቅደውን 777 እየሰጡ መገላገል ግን በሩን ከነመቃኑ መንቀል ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው መሰረዝን ነው። በእነዚህ ሲስተሞች መሰረዝ የሚወሰነው በፎልደሩ ፈቃድ ስለሆነ፣ ፎልደሩ ላይ መጻፍ የሚችል ሰው ማንበብ የማይችለውን ሰነድ ሊያጠፋ ይችላል። በጋራ ፎልደር ላይ ስቲኪ ቢት የሚባለው የፈቃድ ምልክት ሲደረግ ሰነዱን ከባለቤቱ፣ ከፎልደሩ ባለቤትና ከአስተዳዳሪው በቀር ማንም አያነሳውም።

ሊኑክስ የሰነዱን ባለቤት የሚመዘግበው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። ዲስኩ ተፈቶ ለጥገና ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ እዚህ የአንዱ ተጠቃሚ የነበረው 1000 ቁጥር እዚያ ሌላ ሰው ነው። ጠጋኙማ በራሱ ማሽን አስተዳዳሪ ስለሆነ ቁጥሩም አያግደው፤ ዲስኩ ካልተመሰጠረ ሁሉንም ያነባል።