የአሜሪካ የዕዳ ጣሪያ የሚከለክለው ምንድን ነው?

የዕዳ ጣሪያ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ሊሸከም የሚችለው የዕዳ መጠን ወሰን ነው። ብዙ ሰው አዲስ ወጪ የሚገድብ ይመስለዋል፤ አይደለም። ወጪውን ኮንግረስ አስቀድሞ በሌላ ሕግ አጽድቆታል። ጣሪያው የሚያግደው ለዚያ ወጪ መበደርን ብቻ ነው። ስለዚህ ጣሪያው ከፍ ባይል ግዴታው አይሰረዝም፤ ሒሳቡ ሳይከፈል ይቀራል እንጂ።

ጣሪያው ሲነካ ክፍያ ወዲያው አይቆምም። ግምጃ ቤቱ ለምሳሌ በፌዴራል ሠራተኞች የጡረታ ቁጠባ ፈንድ የሚያደርገውን ኢንቨስትመንት ለጊዜው ያቆምና በኋላ ከነወለዱ ይተካል። ዴሞክራቶችና ሪፐብሊካኖች አጥብቀው የሚፋጠጡት በዚህ በተገኘው ፋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በመጨረሻው ሰዓት ቢስማሙም፣ የብድር ደረጃ አውጪው ድርጅት ስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ የአገሪቱን የብድር ደረጃ ከከፍተኛው ኤኤኤ ወደ ኤኤ ፕላስ ዝቅ አድርጎታል።

ከመንግሥት መዘጋት፣ ማለትም ከመሥሪያ ቤቶች ሥራ ማቆም፣ ጋር ግን አይምታታ፦ መዘጋት የሚመጣው የበጀት ዓመቱ ኦክቶበር 1 ሲጀምር፣ ወይም ጊዜያዊ በጀት ሲያበቃ፣ ቀጣይ በጀት ካልጸደቀ ነው።