«የመሥራት ችሎታው ቀንሷል» ተብሎ ሠራተኛ የሚሰናበተው መቼ ነው?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 28 መሠረት፣ የሠራተኛው የመሥራት ችሎታ ቀንሶ ሲገኝ አሠሪው ማስጠንቀቂያ (ውሉ እንደሚቋረጥ አስቀድሞ የሚሰጥ ማሳወቂያ) ሰጥቶ የሥራ ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል። ይሁን እንጂ የቅርብ አለቃ አስተያየት ብቻውን በቂ አይደለም፤ የኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ የሚዋዋሉት ስምምነት) ሌላ መንገድ ካላስቀመጠ በስተቀር የችሎታው መቀነስ በየጊዜው በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ምዘና መረጋገጥ አለበት። ምዘና አድርጎ የማያውቅ ድርጅት ይህን ምክንያት ሲጠቅስ ሠራተኛው ማስረጃውን መጠየቁ ተገቢ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያደናግረው የሕመም ጉዳይ ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራው ባላስከተለው ሕመም ምክንያት መሥራት ሲያቅተው በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የቀሩት ሦስት ወራት ደግሞ ያለ ክፍያ ናቸው። በማስጠንቀቂያ ለመሰናበት ምክንያት የሚሆነው ግን በጤና ወይም በአካል ጉዳት የተነሳ የውል ግዴታን ለዘለቄታው መወጣት አለመቻል ነው፤ የማስጠንቀቂያው ጊዜም እንደ አገልግሎት ዘመኑ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይሆናል።

በጡረታ ዐቅድ የታቀፈና ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በጤና ጉድለት ምክንያት ከሥራ ሲሰናበት፣ 60 ዓመት ባይሞላውም የጡረታ አበል ስለሚያገኝ፣ በስንብት ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ምክንያት ከሐኪም ማስረጃው ጋር መስማማቱን ከወዲሁ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።