የሞዴል ሮኬት የኤሌክትሪክ ማቀጣጠያ

የሞዴል ሮኬት የኤሌክትሪክ ማቀጣጠያ ከወረቀት፣ ከቀላል እንጨትና ከፕላስቲክ የሚሠሩ ትናንሽ ሮኬቶችን ከርቀት ለማስነሳት የሚያገለግል በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ነው። የሮኬቱን የማቀጣጠያ ክር በክብሪት የሚለኩስ ሰው ሮኬቱ አጠገብ መገኘት ግድ ይለዋል፤ ሮኬቱ በየትኛው ሰከንድ እንደሚነሳም አያውቅም። ባትሪውና ሽቦው ሁለቱንም ጣጣ ገላገሉ።

በአሜሪካ ነብራስካ፣ በኖርፎክ ከተማ ጫማ ይሸጥ የነበረው የርችት አዋቂ ኦርቪል ካርላይል እ.ኤ.አ. በ1954 ከወንድሙ ከሮበርት ጋር ሞተሩ ተቃጥሎ ሲያልቅ የሚቀየር፣ በፓራሹት የሚወርድ ሮኬት ሠራ። በ1957 ደግሞ በኋይት ሳንድስ የሚሳይል ማዕከል የሠራው ሃሪ ስታይን ስለ ሮኬት ደህንነት በመጽሔት ጻፈ። ካርላይል ጽሑፉን አንብቦ ሮኬቶቹን ላከለት። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ ስትመጥቅ ልጁ ሁሉ ሮኬት ሮኬት ይል ጀመር፤ ቤት ውስጥ ባሩድ እየቀመመ ጣቱን ያጣም ነበር። ስታይን በዚያው ዓመት የተመሠረተውን ብሔራዊ የሮኬት ማኅበር አቋቁሞ የደህንነት ደንብ አወጣ። የሞዴል ሮኬት ስፖርት አባት ማን ነው ሲባል ክርክር አለ፤ ሞተሩ የካርላይል፣ ሥርዓቱ የስታይን ነው ቢባል ግን ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ከፋብሪካ ተገዝቶ የሚመጣ ሆነ፤ የኮሎራዶው ቨርን ኤስቲስ «ሜብል» ባላት ማሽን በብዛት ያመርተው ጀመር።

አሠራሩ ቀላል ነው። በሞተሩ አፍንጫ የሚገባ ቀጭን የኒክሮም (የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ) ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይግላል፤ ጫፉ ላይ የተቀባው ተቀጣጣይ ነገርም ቶሎ ይነድዳል። ደንቡ ሁለት ነገር ያዝዛል፦ ጣት ሲነሳ ራሱን የሚያጠፋ ማብሪያ፣ ከእሱ ጋር በተከታታይ የተገናኘ የደህንነት ቁልፍ። ቁልፉ ካልገባ ማብሪያውን ቢጫኑት ምንም አይሆንም። አስተኳሹ ሽቦ ሊያያይዝ ሲሄድ ቁልፉን ኪሱ ይዞት ይሄዳል፤ ማብሪያው ባለበት ሳጥን ላይ ትቶት የሚሄድ ሰው አጠገብ አለመቆም ነው። የሞተር ጉልበት በፊደል ይለያል፤ ለዲ (D) ሞተርና ከዚያ በታች ላለው 15 ጫማ፣ ለሚበልጠው 30 ጫማ መራቅ ያስፈልጋል። ሮኬቱ ካልተነሳ ቁልፉ ይነቀላል ወይም ባትሪው ይለያል፤ 60 ሰከንድ ሳይሞላም ማንም አይጠጋውም።

ሽቦው ሳይቆረጥ መገናኘቱን የምትጠቁም ትንሽ መብራት አለች። የምትስበው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ መሆን አለበት፤ በቀላሉ የሚነድድ ማቀጣጠያ ላይ ትልቅ አምፖል ቢገጠም ማብሪያው ሳይነካ ሮኬቱ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ኤልኢዲ (LED) የሚባለው ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚበቃው ትንሽ መብራት ይመረጣል።

የማይነሳ ሮኬት ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ አይደለም። ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ሽቦው ባሩዱን አልነካም፣ ወይ ሽቦውን የሚነክሱት ሁለቱ ባለ ጥርስ መቆንጠጫዎች (የአዞ ክሊፖች) እርስ በርስ ወይም የሞተሩን እሳት ለመመከት ከሮኬቱ ሥር ካለው የብረት ሳህን ጋር ተነካክተዋል። ከጥቂት ተኩስ በኋላ የክሊፖቹን ጥርስ የሚሸፍነው ጥቁር ጥላሸትም ኤሌክትሪክ ይከለክላል፤ አንድ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት ከሳጥኑ ጋር ይዞ መሄድ ይበጃል።