«እንደ ቆመ የሚመስለው እንዳይወድቅ ይጠንቀቅ»

ይህን አነጋገር ብዙ ሰው ከአባቶች ተረትና ምሳሌ ቢቆጥረውም ምንጩ መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት፣ ምዕራፍ 10 ቁጥር 12 ላይ ይገኛል። ቆሮንቶስ በየሁለት ዓመቱ የስፖርት ውድድር የሚካሄድበት የኢስትምያ ጎረቤት ነበረች። ጳውሎስም ከዚህ ቃል ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሁሉም ቢሮጡ ሽልማቱን የሚወስደው አንዱ ብቻ መሆኑን ካስታወሰ በኋላ፣ ሌላውን አስተምሮ ራሱ እንዳይጣል ሰውነቱን እንደሚገዛ ይናገራል። እንግዲህ ምክሩ የተሰጠው ለወደቀ ሰው ሳይሆን ገና በሩጫው ላይ ላለ ሰው ነው። እኛ ግን አንድ ታዋቂ ሰው እስኪዋረድ ጠብቀን «ብዬ ነበር» ለማለት እናውለዋለን፤ እንዲህ ሲሆን ምክርነቱ ቀርቶ መሳለቂያ ይሆናል።

በደቡብ አፍሪካዊው ሯጭ በኦስካር ፒስቶሪየስ ላይም የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ተወልዶ በ11 ወሩ ሁለቱም እግሮቹ ከጉልበት በታች የተቆረጡት ይህ ሰው፣ በ2004 በአቴንስ ፓራሊምፒክ (የአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ) በ200 ሜትር፣ በ2008 ደግሞ በቤጂንግ በሦስት ርቀቶች ወርቅ አገኘ። ከካርቦን ፋይበር የተሠሩት እግሮቹ ያልተገባ ጥቅም ይሰጡታል ተብሎ በ2008 መጀመሪያ ከጤናማ ሯጮች ጋር እንዳይወዳደር ቢታገድም፣ ከወራት በኋላ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት እገዳውን ሻረለት። በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ የ400 ሜትር ማጣሪያውን በ45.44 ሰከንድ አለፈ፤ በግማሽ ፍጻሜው መጨረሻ ሲወጣ እንኳ የግሬናዳው ኪራኒ ጄምስ በደረት ላይ የሚለጠፈውን የስም ወረቀት ከእርሱ ጋር ተለዋወጠ።

ምክሩ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነበር። ከሳምንታት በኋላ በፓራሊምፒኩ 200 ሜትር ብራዚላዊው አላን ኦሊቬራ ሲቀድመው፣ ላቡ ሳይደርቅ የተፎካካሪው ሰው ሠራሽ እግር ረዝሟል ብሎ በቴሌቪዥን ወቀሰ፤ በራሱ ላይ የተሰነዘረውን መሰል ክስ ለማስተባበል ስንት የደከመ ሰው! በጃንዋሪ 2013 ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት ምግብ ቤት በእጁ የነበረ ሽጉጥ ባረቀ፤ በዚህም ኋላ ጥፋተኛ ተብሏል።

ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2013 ሌሊት በፕሪቶሪያ ቤቱ በተዘጋ የመጸዳጃ ቤት በር ላይ አራት ጊዜ ተኩሶ፣ በውስጥ የነበረችውን የ29 ዓመቷን ፍቅረኛውን ሪቫ ስቴንካምፕን ገደላት። ሌባ መስሎኝ ነው አለ። ዳኛ ቶኮዚል ማሲፓ በ2014 በቸልተኝነት ሰው በመግደል አምስት ዓመት ፈረዱበት፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2015 ወንጀሉን ወደ ነፍስ ግድያ ቀየረው፤ በ2017ም ቅጣቱን 13 ዓመት ከ5 ወር አደረሰው። በ2016 በቅጣት ክርክሩ ጊዜ ጠበቃው ሰው ሠራሽ እግሮቹን አስወልቆ፣ በተቆረጡት እግሮቹ እየተንገዳገደ በችሎቱ ፊት እንዲራመድ አድርጎ ነበር። ይህን ትዕይንት ከአባባሉ ጋር አያይዞ መቀለድ ነውር ነው፤ ጳውሎስ የተናገረው ስለ እግር አይደለምና።

አባባሉ የማይደርስበትም ቦታ አለ። ስለ ወደቀው ሰው ስናወራ የሞተችው እየተረሳች፣ ታሪኩ ሁሉ የእርሱ ብቻ ይሆናል። በጃንዋሪ 2024 ፒስቶሪየስ በአመክሮ ሲፈታ የሪቫ እናት ባወጡት መግለጫ፣ የዕድሜ ልክ ፍርዱን የሚፈጽሙት በሕይወት የቀሩት ቤተሰቦቿ መሆናቸውን ተናግረዋል።